ድምፄን ማሲንቆው ዋጠው፤ የትኛውን ፕለጊን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ቤቴ ውስጥ ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር አንድ የትዝታ ዘፈን ሠርቻለሁ። ከበሮውና ቤዙ ከኮምፒውተር ነው። ክራሩንና ማሲንቆውን ጓደኞቼ ተጫውተውልኛል፤ የዘፈንኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ ሳደርገው ከሙዚቃው ተነጥሎ ይንሳፈፋል። ዝቅ ሳደርገው ማሲንቆው ይውጠዋል። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋቢያ) ስጨምርበት ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የምዘፍን እመስላለሁ። አውቶቱን (ከቃና የወጣን ድምፅ የሚያርመውን) ሳስገባበት ደግሞ የትዝታ ለዛው ይጠፋል። ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ የድምፅ ማስተካከያ) ለመግዛት ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። የትኛውን ፕለጊን ልግዛ? ፕሮጀክቱን አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አስቀምጥ። ፕሮጀክቱን ከፍቼ ደጋግሜ ሰማሁት። ዘፈኑ ቆንጆ ነው። ድምፅህም አንጀት ይበላል፣ በተለይ ሁለተኛው አዝማች ላይ። የሚገዛ ነገር ግን የለም። ኤፍኤል ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንስ)፣ ኮምፕረሰር (የጮኸውን ተጭኖ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርብ) እና ሪቨርብ ለዚህ ሥራ ይበቁሃል። ችግርህ ሌላ ነው። ድምፅህና ማሲንቆው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንተ ደግሞ ወንበር ከመጨመር ይልቅ ሁለቱንም ታስጮሃቸዋለህ። ሚክስ ማለት በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ መስጠት ነው። ኤፌክት የሚመጣው ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገርህ። ድምፅህ ላይ ሰባት ፕለጊን ተደርድሯል። ሰባቱንም አጠፋኋቸው። ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደባልቆ የሚወጣበት መስመር) ላይ ያለውን ሊሚተርም (ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚጫነውን) አጠፋሁት። ያኔ ዘፈኑ ተነፈሰ። ሊሚተር ማስተር ላይ በርቶ ሚክስ ስትሠራ እውነቱን አትሰማም። ድምፅህን ከፍ ስታደርግ ሊሚተሩ ሙዚቃውን በሙሉ ይጫነዋል፤ ከበሮው ይሰምጣል። ከበሮውን ስታነሳ ድምፅህ ይሰምጣል። እንዲህ ስትል ሌሊቱ ይነጋል። ሊሚተሩን ለመጨረሻው ሰዓት ተወው።

ከዚያ ፌደሮቹን (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያዎቹን) በሙሉ ወደ ታች አወረድኳቸው። ዘፈኑ በጣም የሚሞላበትን ቦታ መረጥኩ፤ ያንተ የመጨረሻው አዝማች ነው። ከመግቢያው ከጀመርክ ክራሩን ብቻውን ታሳምረዋለህ። በኋላ ሌላው ሁሉ ሲገባ ቦታ ያጥርሃል። አዝማቹ ላይ ቀድሜ ድምፅህን አስገባሁ። ቀጥሎ ከበሮውን፣ ከዚያ ቤዙን፣ ከዚያ ማሲንቆውን፣ መጨረሻ ላይ ክራሩን። ለ20 ደቂቃ ያህል ፕለጊን የሚባል አልነካሁም። ማስተሩ ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል አካባቢ እንዲቆም አደረግኩ። ይህ ብቻ ግማሹን ችግር አቃለለው።

ይህን ስትሠራ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ስማ። አጠገብህ ካለ ሰው ጋር ሳትጮህ ማውራት የምትችልበት ልክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ቤዙን አሳንሶ፣ ድምፅ ሲጨምር ደግሞ ቤዙን አግዝፎ እንደሚሰማ ለክተው አሳይተዋል። ለዚህ ነው አስጩኸህ የሠራኸው ሚክስ ሁሌም የሚያምርህ፤ ጠዋት ቀስ ብለህ ስትሰማው ደግሞ ባዶ የሚሆንብህ። አንድ ጥሩ ፈተና አለ። ድምፁን ሊጠፋ እስኪል ድረስ ቀንሰው። መጨረሻ ላይ የሚሰማህ ያንተ ዘፈንና የጭብጨባው ምት ከሆነ ልኩ ላይ ነህ። ማሲንቆው ብቻ ከቀረ ማሲንቆው በዝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። አውታሩም መምቻውም የፈረስ ጭራ ነው። ድምፁ የሰው ጉሮሮ ይመስላል። የሚያስለቅሰን ለዚያ ነው፤ ሚክስ ላይ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው። ወንድ ሲዘፍን መሠረታዊው ድምፅ በግርድፉ ከ100 እስከ 400 ኸርዝ (በሰከንድ የሚነዝረው ብዛት) መካከል ይመላለሳል። ቃሉን ቃል የሚያደርገው ግን ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ያለው ክፍል ነው። ጆሯችንም ይበልጥ ንቁ የሚሆነው እዚያው ላይ ነው። የማሲንቆው የጭራ ፍትጊያም ሄዶ የሚሰፍረው እዚያው ነው። አንተ ኢኪው ከፍተህ ሁለቱንም 3000 ኸርዝ ላይ ጨምረሃል። ድምፅህ ጠራ ስትል ማሲንቆው አብሮ ጠራ። ትግሉ እንዳለ ቀረ።

እኔ ያደረግኩት ከማሲንቆው መቀነስ ነው። 2500 ኸርዝ አካባቢ ሰፋ አድርጌ 3 ዲሲቤል ወሰድኩለት። ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩት፤ እዚያ የነበረው የወንበር ድምፅና የቀረጻ ጉምጉምታ ነው። ከዚያ ማሲንቆውን በፓን ወደ ቀኝ 30 በመቶ ገፋሁት፣ ክራሩን ወደ ግራ በዚያው ልክ። ድምፅህ፣ ከበሮውና ቤዙ መሃል ቀሩ። ማሲንቆውን ብቻውን ብትሰማው አሁን ትንሽ የሳሳ ይመስልሃል። አትደንግጥ፣ ማንም ብቻውን አይሰማውም። ትራክን ነጥሎ እያዳመጡ ማሳመር ብዙ ልጆችን የሚያስት ልማድ ነው። ከሁሉም ጋር እየተጫወተ እያለ ነው መወሰን ያለብህ።

ይህም ሆኖ ኢኪው ብቻውን አይበቃም። አዝማሪን ልብ ብለህ ተመልከት። ሲዘፍን ማሲንቆው ከድምፁ ሥር ሆኖ ይከተለዋል። ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው ይመልስለታል። እጁና ጉሮሮው የአንድ ሰው ስለሆኑ ማን መቼ ዝቅ እንደሚል ይተዋወቃሉ። ያንተ ማሲንቆ ግን ሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው፣ አንተ ሳትዘፍን ነው የተቀረጸው። ስለዚህ ያን መተዋወቅ አንተ በአውቶሜሽን (ድምፁ በየቦታው ራሱ ከፍና ዝቅ እንዲል ሶፍትዌሩ ላይ በማስመር) ልትሰጠው ይገባል። አንድ ቦታ ላሳይህ። 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ «ጠብቄሽ ነበር» ትላለህ። ልክ «ጠ» ላይ ማሲንቆው አንድ ረጅም ድምፅ ይጀምራል። ስንኙ እስኪያልቅ አይለቅም። እዚያ ላይ ማሲንቆውን 3 ዲሲቤል አወረድኩት። «ነበር» ብለህ ስታርፍ ቀስ አድርጌ ወደ ቦታው መለስኩት፣ እንዲያውም 1 ዲሲቤል ጨመርኩለት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ሰማሁት። አንተ ታወራለህ፣ እሱ ይመልሳል። ዘፈኑን በሙሉ እንዲህ ማድረግ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በገንዘብ የሚገዛ ፕለጊን ይህን እንዳንተ ጆሮ አይሠራልህም።

ስለዚያው ስንኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የኮምፕረሰርህ ችግር የታየኝ እዚያ ነው። የተጠቀምክበት ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የመጣ ቅንብር) አታኩን (ኮምፕረሰሩ መጫን እስኪጀምር የሚወስደውን ጊዜ) 1 ሚሊሰከንድ ላይ አስቀምጦታል። ፕሪሴቱ አማርኛ አያውቅም። እኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የምንላቸው ድምፆች አሉን። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ከዚያ ድምፁ ፈንድቶ ይወጣል። ፍንዳታው በጣም አጭር ነው። ኮምፕረሰሩ በ1 ሚሊሰከንድ ከደረሰበት ጥርሱን ይነቅለዋል። «ጠብቄሽ» ያልከው «ደብጌሽ» ሊመስል ምንም አልቀረውም። አታኩን ወደ 15 ወይም 20 ሚሊሰከንድ ውሰደው። ፍንዳታው አልፎ ኮምፕረሰሩ ከኋላ ያለውን አናባቢ ይይዛል። ሪሊሱን (ለመልቀቅ የሚወስደውን ጊዜ) 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ ሬሾውን (የመጫኑን ልክ) 3 ለ 1 አድርገው። መርፌው ከፍ ባሉት ቦታዎች 3 ወይም 4 ዲሲቤል ቢቀንስ በቂ ነው። ያንተ 12 እየቀነሰ ነበር።

«ታዲያ ድምፄ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ይላል። እሱን ግን ከኮምፕረሰሩ በፊት በእጅህ አስተካክለው። ቅጂውን ቆራርጠህ፣ የወረደውን ቃል አንሳ፣ የጮኸውን አውርድ። ስንኝ በስንኝ። ድሮ ስጀምር ይህን ሥራ እንቅ ነበር። አሁን ግን ከማንኛውም ኤፌክት በፊት የምሠራው ይህን ነው፤ ኮምፕረሰሩ ከዚያ በኋላ ትንሽ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሲሠራም አይሰማም።

ሰ፣ ሸ እና ጸ የሚያፏጩብህ ከሆነ ዲኤሰር (ፉጨት ቀናሽ) አድርግ። ከ5000 እስከ 8000 ኸርዝ መካከል ፈልገው። ብዙ አትጫነው፣ ኮልታፋ ያደርግሃል።

አሁን ስለ ጉድጓዱ። ሪቨርቡን አጥፍቼ ድምፅህን ብቻውን ሰማሁት። ጉድጓዱ ቅጂው ውስጥ ነው ያለው። ባዶ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና ቆርቆሮ ጣሪያ ይሰማኛል። ድምፅህ ግድግዳው ጋ ደርሶ ሲመለስ ማይኩ እሱንም ይዞታል። ከዚያ ኮምፕረሰሩ 12 ዲሲቤል ሲጫን ያን የክፍል ድምፅ ጎትቶ አወጣው። በዚያ ላይ ሪቨርብ ጨመርክ። ክፍል ላይ ክፍል ሆነ። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ መልሰህ ቅረጽ። አውቃለሁ ደስ አይልም። ግን በጣም ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው ብርድ ልብሱን ከማይኩ ጀርባ ነው የሚሰቅለው። ያንተ ማይክ ከፊቱ ያለውን ነው አብልጦ የሚሰማው። ከፊቱ ያለኸው አንተ ነህ፣ ካንተ ኋላ ደግሞ ግድግዳው አለ። ስለዚህ ጋቢውንና ፍራሹን ከጀርባህ አድርግ። ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ካለህ በሩን ከፍተህ ጀርባህን ስጠው። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ። የምትቀርጽበትን ልክ በ24 ቢት ከፍተኛው ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ አድርገው፤ ወደ ቀዩ ማስጠጋት ምንም አይጠቅምህም። ደግሞ ዝናብ ሳይጀምር ቅረጽ። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ በየትኛውም ኢኪው አይወጣም።

አውቶቱን ያልከው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያለኝ ነው፤ ለዛው መጥፋቱን ጆሮህ ሰምቶታል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሶፍትዌሩን ሲ ሜጀር ላይ አድርገኸዋል። ሲ ሜጀር ሰባት ድምፅ አለው። ያንተ ትዝታ ግን አምስት ነው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ኤፍ እና ቢ ውስጡ የሉም። አንተ ከጂ ወደ ኢ ስትንሸራተት፣ እንደ ልማዳችን ድምፁን እየሳብክ ነው የምትወርደው። መሃል መንገድ ላይ ሶፍትዌሩ ኤፍን ያገኝና ይይዝሃል። ቅኝቱ የማያውቀው ድምፅ ላይ አስቀምጦህ ያልፋል። ትዝታው የሚፈርሰው እዚያ ነው። ስለዚህ ሜጀር የሚለውን ተወውና ድምፆቹን በእጅህ ምረጥ። ኤፍኤል ውስጥ ፒቸር የሚባለው ቃና አራሚ ላይ ያለችው ትንሽ ኪቦርድ ለዚህ ነው የተሠራችው። የማያስፈልጉትን አጥፋቸው። ሌላ ጊዜ ማይነር ትዝታ ከዘፈንክ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። አምባሰል ከሆነ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት።

እርማቱንም በጣም ፈጣን አታድርገው። በጣም ሲፈጥን እያንዳንዱ ቅላጼ እንደ ደረጃ ይሆናል፤ እንጉርጉሮ ደግሞ ደረጃ የለውም። እኔ ብሆን አውቶማቲኩን ትቼ ኒውቶን የሚባለው የኤፍኤል የእጅ ማረሚያ ላይ እከፍተውና የወደቁትን ሦስት አራት ድምፆች ብቻ በእጄ አነሳለሁ። ሌላውን እንዳለ እተወዋለሁ። ያንተ ጉሮሮ ብዙ እርማት አይፈልግም።

እዚህ ላይ ሌላም ጉድ አለ። ክራሩን በመቃኛ ለካሁት። ከኮምፒውተሩ ቤዝ ጋር ሲነጻጸር ወደ 20 ሴንት ወርዷል። አንድ ሰሚቶን 100 ሴንት ነው፣ ስለዚህ 20 ብዙ አይመስልም። ግን ይሰማል። ጓደኛህ ክራሩን የቃኘው በጆሮው ነው፣ ያ ጥፋት አይደለም። አንተም ስትዘፍን ክራሩን እየሰማህ ነበር፤ ድምፅህ አብሮት ወርዷል። አውቶቱኑ መጣና አንተን ብቻ ወደ ላይ ሳበህ። ክራሩ ታች ቀረ። ከሙዚቃው ተነጥለህ የምትንሳፈፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክራሩንና ማሲንቆውን በሙሉ 20 ሴንት አንሳቸው፤ የቅጂው ፒች ላይ ማስተካከያ አለ። ሁሉም አንድ ላይ ከቆሙ በኋላ ድምፅህን እየው። ምናልባት አውቶቱን ጨርሶ ላያስፈልግህ ይችላል።

ሪቨርብ። ድምፁ ትራክ ላይ አትጫነው። ባዶ የሚክሰር ትራክ ምረጥ፣ ሪቨርቡን እዚያ ክፈት፣ ድራዩን (ያልተነካውን ድምፅ) ዜሮ አድርገህ ዌቱን (የሪቨርቡን ድምፅ) ብቻ ተው። ከዚያ ድምፅህን፣ ክራሩንና ማሲንቆውን በሰንድ ወደዚያ ላክ። ድምፅህን ትንሽ፣ ማሲንቆውን ከዚያ ትንሽ በለጥ አድርገህ። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ማሲንቆው ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፣ አንተ ከፊት ትቀራለህ። ያንተ ፕሮጀክት ላይ ለእያንዳንዱ ትራክ የተለያየ ሪቨርብ ነበር። አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ መታጠቢያ ቤት፣ አንዱ አዳራሽ። ጆሮ ግራ ይገባዋል።

ፕሪዲሌዩን (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) ከ30 እስከ 40 ሚሊሰከንድ አድርገው። ቃሉ ደርቆ ይወጣል፣ ክፍሉ ከኋላ ይከተላል። ወደ ሪቨርቡ የሚገባውን ከ250 ኸርዝ በታችና ከ6000 በላይ ቁረጠው። የሚቆይበትን ጊዜ ከ1.5 ሰከንድ በላይ አታስኬደው። አማርኛ ቃሉን በመጥበቅና በመላላት የሚለይ ቋንቋ ነው። «ገና» ስትል በዓሉን ይሁን «ገና ነኝ» የሚለውን የምንለየው «ና» ጠብቃ ወይም ላልታ ስትነገር ነው። «ጠጣ» በል እስቲ። በሁለቱ ፊደሎች መካከል አጭር ዝምታ አለች። ረጅም ሪቨርብ ያችን ዝምታ ይሞላታል። ሰሚው «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ዲሌይ (ድምፁን ቆይቶ የሚደግመው) ከሪቨርብ ይልቅ ላንተ ዘፈን የሚሆን ይመስለኛል፣ ግን ልኩን አስብ። ዘፈንህ በስድስት ስምንተኛ ምት ነው። ጭብጨባው በሰከንድ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ሶፍትዌሩ ላይ ግን በደቂቃ 90 ምት ተጽፏል፣ ሩብ ኖታ ስለሚቆጥር። ዲሌዩን ሩብ ኖታ ላይ ካደረግከው 667 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ከጭብጨባው ጋር አይገጥምም፣ ምቱን ወደ ሌላ ይጎትተዋል። አንተ ያደረግከው ይህን ነው። 333 ወይም 1000 አድርገው። እኔ 1000ውን መረጥኩ፤ በየቃሉ ሳይሆን የስንኙ መጨረሻ ላይ ብቻ በአውቶሜሽን አስገባሁት። «ነበር» ትላለህ፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ከሩቅ አንድ «ነበር» ይመለሳል፣ ከዚያ ማሲንቆው ይረከባል። በጣም ነው ያማረው።

ስለ ቤዙ ባትጠይቀኝም አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ሰው የሚሰማህ በስልክ ነው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። ያንተ ቤዝ ያለው በሙሉ ከ80 በታች ነው፤ ስልክ ላይ ጨርሶ የለም። ትንሽ ሳቹሬሽን ስጠው። ከላይ ሌሎች ድምፆች ይጨመሩለታል፣ ጆሮም በእነሱ አማካይነት ታችኛውን ይገምታል። ሚክሱንም ሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ) አድርገህ ስማ። ሰፋ ይበል ብለህ ክራሩን ኮፒ አድርገህ አንዱን ጎን ጥቂት አዘግይተኸዋል። በሞኖ ስሰማው ክራሩ ግማሹ ጠፋ። ኮፒውን አጥፋው። ስፋት ከፈለግክ ጓደኛህ ሁለተኛ ጊዜ ይጫወትልህ።

መጨረሻ ላይ ሊሚተሩን መልስና ጣሪያውን ከዜሮ በታች 1 ዲሲቤል ላይ አድርገው። በጣም አታስጩኸው። ዩቲዩብም ስፖቲፋይም ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ ልክ ያደርጉታል፣ ከዚያ በላይ ያስጮህከውን ራሳቸው ይቀንሱታል። የምታተርፈው የታፈነ ከበሮ ብቻ ነው። በ24 ቢት ዋቭ አውጣው። ሁለት ፋይል አድርገው፦ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው ድምፅህ 1 ዲሲቤል ከፍ ብሎ። ሁለቱንም በማግስቱ በስልክ፣ በኢርፎን፣ ከተቻለም መኪና ውስጥ ስማቸው። የትኛው እንደሚሻል ዛሬ ማታ አትወስን፣ ጆሮህ ደክሟል።

ድምፅህን ጋቢው ፊት መልሰህ ከቀረጽክ በኋላ ፕሮጀክቱን እንደገና ላክልኝ። ያችን 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ያለችውን «ጠብቄሽ ነበር» መስማት እፈልጋለሁ።